ለአባቴ፦ መማሬ ያላበቃበት ምክንያት

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ባለፈው በስልክ «ቀዶ ሐኪም ከሆንክ በኋላ ደግሞ ምን ጥናት ቀረህ? ክሊኒክህንስ መቼ ነው የምትከፍተው?» ብለው ሲጠይቁኝ በወጉ ሳልመልስልዎ ቀርቻለሁ። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ በጽሑፍ ላስረዳዎ ወደድኩ።

አርአያ ያደረግኋቸው ሰው ፕሮፌሰር ኦሄኔባ ቦአቺ-አጄይ ይባላሉ። ጋና ውስጥ ኩማሲ ተወልደው በ1972 (ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያንብቡልኝ) ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ ሕክምና ተምረውም ኒውዮርክ በሚገኘው በስፔሻል ሰርጀሪ ሆስፒታል የአከርካሪ መጣመም ሕክምና ክፍል ኃላፊ፣ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ኮሌጅም ፕሮፌሰር ለመሆን በቁ። የአከርካሪ ጥመት በራጅ ላይ በዲግሪ የሚለካበትን ዘዴ በ1948 ያሳተሙት ጆን ኮብም የዚያው ሆስፒታል ሐኪም ነበሩ፤ እኔም በየቀኑ የምለካው በእርሳቸው ዘዴ ነው። ፕሮፌሰሩ በ1998 ፎኮስ የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት መሠረቱ፤ በ2012 ደግሞ አክራ ላይ ሆስፒታል ከፈቱ። ከአገራችንም ብዙ ልጆች፣ አዲስ አበባ ለረጅም ዓመታት ባገለገሉት በዶክተር ሪክ ሆደስ አማካይነት ወደዚያ ሄደው ታክመዋል።

ከፕሮፌሰሩ ሥራዎች ሁሉ ልቤን የያዘውን አንዱን ብቻ ልንገርዎ። እርስዎ ጎባጣ ዱላ በእሳት እየለበለቡ ቀስ ብለው ነበር የሚያቃኑት፤ በኃይል ቢጫኑት ይሰበራልና። አከርካሪም እንዲሁ ነው። እጅግ የጎበጠውን በአንድ ጊዜ ለማቅናት ቢሞከር በውስጡ የሚያልፈው ሕብለ ሰረሰር ሊጎዳና የልጁ እግሮች ሽባ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የብረት ቀለበት ከራስ ቅሉ ጋር በብሎን ይታሰርና በገመድና በክብደት ወደ ላይ እየተሳበ፣ ጀርባው በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት እንዲላላ ይደረጋል፤ ልጁም ቀለበቱን እንደ ደፋ ይበላል፣ ይቀመጣል፣ እየተደገፈ ይራመዳል። ታዲያ ስንት ጊዜ ይበቃዋል? ይህን በግምት መመለስ ግፍ ነው። ፕሮፌሰሩና ባልደረቦቻቸው በዚህ መንገድ የታከሙ 29 ሰዎችን መዝገብ መርምረው በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ የሚገኘው መሻሻል እምብዛም እንደማይጨምር አሳዩ፤ የደረሰውንም ጉዳት ሳይሸሽጉ ከውጤቱ ጎን ጻፉ። ከእናቱ ርቆ ቀለበት ለደፋ ልጅ አንድ ወር እንኳ መቀነሱ ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ መንገር አያሻኝም።

አባቴ፣ ጀርባዋ የጎበጠውን እቴቴን ሁልጊዜ አስባታለሁ። በበቅሎ ጭነው ከተማ ድረስ ሲወስዷት፣ ያያት ሐኪም «ተፈጥሮዋ ነው» ብሎ እንደ መለሳችሁ ስንት ጊዜ አጫውተውኛል። ሕመሟ የአከርካሪ ቲቢ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ፤ ያ ደግሞ በጊዜው ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ በመድኃኒት ብቻ የሚድን ነው። የእርሷ ጉብጠት የትም መዝገብ ላይ አልሰፈረም።

ስለዚህ ክሊኒኩን ትቼ በማስተማሪያ ሆስፒታሉ ለመቅረት ወስኛለሁ። ደመወዙ ያንሳል፤ ቅር እንደሚልዎም አውቃለሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ የሚሆነው ጀርባቸው ጎብጦ ወደ እኛ የሚመጡትን ልጆች አንድም ሳይቀር መመዝገብና ከሕክምናው በኋላ ለዓመታት መከታተል ነው። እስከዚያው የእቴቴ ጀርባ መጉበጥ የጀመረው በስንት ዓመቷ እንደ ነበረ፣ ከዚያም በፊት ትኩሳትና የሌሊት ላብ ነበራት እንደ ሆነ ያስታውሱና በሚቀጥለው ስንደዋወል ይንገሩኝ።

አክባሪ ልጅዎ