ስለ ዱሯ ድርጭትም ጻፉልን

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ስለ ድርጭት ሲወራ ነገሩ ሁሉ እንቁላልና ሥጋ ላይ ያልቃል። የዱሯ ድርጭት ግን ከዚያ በላይ ይገባታል።

ክብደቷ 100 ግራም አካባቢ ቢሆን ነው። ውሎዋ መሬት ላይ ነው፤ ጎጆዋም ሣር ውስጥ የተጫረች ትንሽ ጉድጓድ ናት። አደጋ ሲመጣ ከመብረር ይልቅ በሣሩ መሃል ሹልክ ማለት ይቀናታል። ይህችው ወፍ ናት እንግዲህ በየዓመቱ ከአውሮፓ ተነስታ፣ በአብዛኛው በሌሊት እየበረረች፣ ሜዲትራኒያንን ተሻግራ አፍሪካ የምትገባው! እኔን ሁሌም ይደንቀኛል።

ኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 11 ላይ ነፋስ ድርጭቶችን ከባሕር አምጥቶ በእስራኤላውያን ሰፈር ዙሪያ ይጥላቸዋል፤ ሕዝቡም ሥጋውን ገና ሳይጨርስ በመቅሠፍት ይመታል። የጥንቱ ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒ ደግሞ ወፏ መርዛማ ዘር ስለምትበላ ሥጋዋ እንደሚጠላ ጽፏል። የዛሬ ሐኪሞችም በስደት ወቅት የተያዘች ድርጭት የበሉ አንዳንድ ሰዎች ጡንቻ ላይ ከባድ ጉዳት አይተዋል።

በጣም የሚያሳዝነኝ የመረቡ ነገር ነው። ባሕሩን ተሻግራ፣ ዝላ ግብፅ ዳርቻ ስትደርስ ረጃጅም መረብ ይጠብቃታል። እባካችሁ ይህን ጉዳይ አንሱት።

አክባሪ አንባቢያችሁ