የላላ ቡሎን ኮድ የለውም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። የሞተር ዘይት የለም፣ ካንዴላ የለም፣ ማርሚታ የለም ያላችሁት ሁሉ ልክ ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን አልስማማም። ከመኪናው ድምፅ ከተሰማ ችግሩ ከሞተሩ ወይም ከባትሪው ነው የሚል መልእክት አለው። ይህን ያነበበ ሰው መኪናው ኳ ኳ ባለ ቁጥር ይደነግጣል። የደነገጠ ሰው ደግሞ ቀይር የተባለውን ሁሉ ይቀይራል።

የነዳጅ ሞተር ብዙ ነገር ይሸፍናል። የላላ ፕላስቲክም ሆነ ያረጀ ጎሚኒ ድምፁ በሞተሩ ጩኸት ይዋጣል። ሞተሩ ጸጥ ሲል ያ ሁሉ ጆሮ ውስጥ ይገባል። ክብደቱም አለ። ባትሪው ብቻውን ብዙ መቶ ኪሎ ይመዝናል። ይህን የሚሸከሙት ሞላው፣ አሞርዛተሩ፣ ጎሚኒዎቹና ማያያዣዎቹ ናቸው። ስለዚህ የሚንኳኳ ነገር ሲሰማ ቅድሚያ መታየት ያለበት የመኪናው እግር ነው።

የእኔ መኪና ኮረኮንች ላይ ቀስ ብዬ ስነዳ ከፊት በስተቀኝ ይንኳኳ ነበር። የወሰድኩት ጋራዥ ኮምፒውተር ሰካ። ምንም የብልሽት ኮድ አልወጣም። ከዚያ አንድ ዙር እንኳ ሳይነዱት፣ ሞተሩ ላይ ያለው የማርሽ ሳጥን መቀየር አለበት አሉኝ። ይህ አሁንም ያናድደኛል። ኮምፒውተር የሚያውቀው ሴንሰር የተገጠመለትን ነገር ብቻ ነው። የላላ ቡሎን ኮድ የለውም።

ሌላ መካኒክ ጋ ሄድኩ። እሱ ምንም ሳይፈታ አጠገቤ ተቀመጠና «እስቲ ንዳው» አለኝ። መስኮቶቹን ከፍተን ግድግዳ ጥግ ጥግ ሄድን። ድምፁ ግድግዳው ላይ ነጥሮ ስለሚመለስ ከየትኛው ጎን እንደሚመጣ ይለያል። ቀጥሎ ፍሬኑን በስሱ እንድነካ ነገረኝ። ድምፁ አልጠፋም። ቢጠፋ ኖሮ ጥርጣሬው ወደ ፍሬን ሸራው ይዞር ነበር።

ጋራዥ ስንመለስ በክሪክ አላነሳውም። ምክንያቱን ጠየቅኩት። ግራና ቀኝ እግሩን የሚያገናኝ ስታቢላይዘር የሚባል ብረት አለ። ጫፍና ጫፉ ላይ አጫጭር ማያያዣዎች አሉት፤ እነሱም እንደ ትከሻ አጥንት በየአቅጣጫው ይዞራሉ። አንድ ጎማ ብቻ ከተነሳ ብረቱ ይወጠራል፣ ማያያዣውንም አጥብቆ ይይዘዋል። ልል የሆነው ደህና ይመስላል። መኪናው በአራት ጎማው እንደቆመ እጁን ከጎማው ጀርባ አስገብቶ ነቀነቀው። ቀጭ ቀጭ አለ። ጣቴን አስቀምጬ ሳየው የማያያዣው ጫፍ ቤቱ ውስጥ ሲጫወት ይሰማል። ግራውም ቀኙም ተቀየረ፣ ድምፁም ጠፋ። የተነገረኝ ማርሽ ሳጥን እስከ ዛሬ ያለ ችግር ይሠራል።

የፍሬኑንም ነገር ብትጽፉበት ጥሩ ነው። እግራችንን ከፍጥነት መስጫው ፔዳል ስናነሳ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ መኪናውን ያዘገየዋል፣ ባትሪውንም ይሞላል። በዚህ የተነሳ ዋናው ፍሬን ብዙ ጊዜ ሥራ ይፈታል። ሸራው ቶሎ አያልቅም። ግን ዲስኩ ይዝጋል፣ ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ካሊፐር የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ይደርቃሉ፣ ሸራውም ቤቱ ውስጥ ሊንገጫገጭ ይችላል። ፈትቶ ማጽዳትና ለፍሬን የተሠራ ግሪስ መቀባት ነው። አልፎ አልፎ፣ ከኋላ መኪና በሌለበት፣ ፍሬኑን ጠንከር አድርጎ መያዝም ዝገቱን ይጠርገዋል።

ኮረኮንች ላይ የማይሰማ፣ በፍጥነት ስትነዱ ብቻ የሚርገበገብ ድምፅ ከሆነ ከሥር ያለውን የፕላስቲክ መሸፈኛ እዩ። ብዙዎቹ ኤሌክትሪክ መኪኖች ሆዳቸው ሥር ሰፊ መሸፈኛ አላቸው። ክሊፕ ሲሰበር ንፋስ ያርገበግበዋል። አዲስ ክሊፕ ይበቃዋል። ከሁሉም በፊት ግን የኋላ ዕቃ መጫኛውን ባዶ አድርጋችሁ ንዱ። የቻርጅ ገመድና ክሪክ ስንቱን ሰው ጋራዥ ወስደዋል።

ጤነኛ ድምፅም አለ። መኪናው ሲነሳ ቀጭ የሚለው ከባትሪው ኃይል የሚያገናኘው ማብሪያ ነው። ቻርጅ ላይ እያለ የሚሰማው ጉምጉምታ ማቀዝቀዣው ነው። በዝግታ ስትሄዱ የሚወጣው ድምፅ ደግሞ እግረኛ እንዲሰማ ተብሎ የተሠራ ነው። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2021 ጀምሮ በማንኛውም አዲስ ኤሌክትሪክ መኪና ላይ ግዴታ ሲሆን፣ ቢያንስ በሰዓት እስከ 20 ኪሎ ሜትር ድረስ መሰማት አለበት።

ራሳችሁ የምትፈትሹ ከሆነ ብርቱካናማ ገመድ አትንኩ። ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሄደው በእሱ ነው። ክሪክም የሚቆመው በተፈቀደለት ቦታ ብቻ ነው፤ ባትሪው ሥር ከገባ ሊጎዳው ይችላል። ድምፁ መሪውን ከሚያንቀጠቅጥ ነገር ጋር ከመጣ ግን እየነዳችሁ ለመመርመር አትሞክሩ። ዳር ይዛችሁ ቁሙና የጎማውን ቡሎኖች እዩ።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በሚቀጥለው እትም ያቺን መስመር አስተካክሏት። ጋራዦችንም በአምዳችሁ ጠይቁልን፤ ዋጋ ከመናገራቸው በፊት ከባለመኪናው ጋር አንድ ዙር ይንዱ። ባለመኪናውም ድምፁን በስልኩ ቀድቶ ይሂድ። በስንት ፍጥነት፣ በምን ዓይነት መንገድ፣ ሲታጠፍ ነው ወይስ ቀጥ ብሎ ሲሄድ የሚለውንም ጽፎ ይያዝ። ለመካኒኩ ከዚያ የበለጠ የሚጠቅመው ነገር የለም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ