ማርሚታውን ቀየርኩት

ሰላም ወንድሜ፣

ከተጠፋፋን ቆየን። ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ አንቆጣጠር፣ ስልክ እንደሆነ ሁለታችንም አለን። ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና? እኔ ደህና ነኝ፣ ሞተር ሳይክሌም ደህና ናት። ሰሞኑን ማርሚታዋን (የጭስ ማውጫዋን ድምፅ ማፈኛ) እዚሁ ቤት በራሴ እጅ ቀየርኩላት። አንተም የራስህን ልትቀይር እንዳሰብክ ከሰው ሰማሁና ቁልፍ ሳታነሳ ይድረስህ ብዬ ነው የምጽፍልህ።

ድምፁስ እንዴት ነው እንደምትለኝ አውቃለሁ። ጎርነን ብሏል፣ ጆሮ አይበሳም። ስለ ድምፅ ይሄ ይበቃል። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ድምፅ ነው፣ ሥራው ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። አሮጌውን ሳትሰብር መፍታት፣ አዲሱን ደግሞ አየር እንዳያሾልክ አድርገህ መግጠም። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

ምን ገዛህ ግን? የኋላውን ማርሚታ ብቻ ነው ወይስ ከቴስታታው (ከኢንጂኑ የላይኛው ክፍል) የሚወጣውን ቱቦ ጨምሮ ሙሉውን? የኋላው ብቻ ከሆነ ግማሹን ደብዳቤ ዝለለው። አንድ ማሰሪያ ፈትተህ፣ የተንጠለጠለበትን ቡሎን ነቅለህ፣ አዲሱን ታስገባለህ። ብዙ ሞተሮች ላይ ካታሊስቱ (የጭሱን መርዝ የሚቀንሰው) ፊት ቱቦው ላይ ስለሆነ እዚያው ይቀራል፣ ነዳጁም ብዙ አይዛባም። ለመንገድ ሞተር እኔ እሱን ነው የምመክረው። እኔ ሙሉውን የቀየርኩት የድሮው ቱቦ አንገቱ ላይ ዝገት በልቶት ስለተበሳ ነው፣ እሱንም ካታሊስት ያለውን መርጬ። ጉልበት ይጨምራል ያሉህን ብዙ አትመን። ሌላው እንዳለ ሆኖ ማርሚታ ብቻ ሲቀየር የሚገኘው ጉልበት ትንሽ ነው። የሚታወቅህ ክብደቱ ነው፣ አሮጌውን በአንድ እጅ አዲሱን በሌላው ይዘህ እየው።

አሁን ወደ ዋናው። ቱቦውን ከቴስታታው ጋር የያዙት ሁለቱ ዳዶዎች ናቸው ጉዳቸው። ዓመታት ሙሉ ሲግሉና ሲቀዘቅዙ፣ ጭቃና ውሃ ሲጠጡ የኖሩ ናቸው። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ከዋዜማው ጀምረህ ርጭ፣ ሲጠጣ ደግመህ ርጭ፣ ሌሊቱን ተወው። የእኔ ቀኙ ወዲያው ተፈታ፣ ግራው ግን ንቅንቅ አልል አለ። እንዲህ ሲሆን ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክተህ መታገል የለም! መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ትንሽ ትገፋዋለህ፣ ከዚያ ወደ መፍቻው፣ እንደገና ዘይት፣ እንደገና ወደ ማጥበቂያው። እንዲህ እያልኩ ቆይቼ ድንገት ጢቅ አለና ቀይ የዝገት ዱቄት ወለሉ ላይ ተበተነ። የዚያን ድምፅ ደስታ ላንተም እመኝልሃለሁ። እጅህን ግን አዳምጥ። ዳዶው ሲላቀቅ ጢቅ ብሎ ነው፣ ብሎኑ ሊበጠስ ሲል ደግሞ እንደ ማስቲካ ለስለስ ይልብሃል። ያ ልስላሴ ከመጣ እዚያው አቁም። አሉሚኒየም ቴስታታ ውስጥ የተቆረጠ ብሎን መሰርሰሪያ ያስነሳል፣ አንዳንዴም ቴስታታውን ያስወርዳል።

ኦክስጅን ሴንሰር (በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካ) ካለው ቱቦውን ከመጎተትህ በፊት ሶኬቱን ንቀል፣ አለበለዚያ ሽቦው ይበጠሳል። ጫፉን ቅባት አታስነካው፣ ይበላሻል።

ቱቦው ከወጣ በኋላ ቀዳዳው ውስጥ በባትሪ ብርሃን ተመልከት። አሮጌው ጋስኬት (መገጣጠሚያውን የሚያሽገው ቀለበት) እዚያ ተጨፍልቆ ተቀምጧል፣ ጠቁሮ የቴስታታው አካል መስሎ ስለሚታይ ስንቱ ሳያየው አዲሱን በላዩ ይጨምራል። በቀጭን ካቻቢቴ ጠርዙን ሳትቧጭር ፈልቅቀህ አውጣው። አሮጌውን መልሼ ልጠቀም እንዳትል፣ ጋስኬት የሚያሽገው እየተጨፈለቀ ስለሆነ ሥራው የአንድ ጊዜ ነው። አዲሱ እየወደቀ ካስቸገረህ ጥቂት ግሪስ ቀባ አድርገህ አጣብቀው፣ ግሪሱ በኋላ ተቃጥሎ ይጠፋል።

ስትገጥም ሁሉንም መጀመሪያ በእጅ ብቻ አስይዝ። ቱቦውንም፣ ማርሚታውንም፣ ማንጠልጠያውንም። ሁሉም ያለ ግፊት ቦታ ቦታቸውን መያዛቸውን ካየህ በኋላ ከቴስታታው ጀምር፣ አንዱን ትንሽ ሌላውን ትንሽ እያፈራረቅህ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሂድ። ከኋላ ከጀመርክ ቱቦው ተወጥሮ ፊት ላይ ጠማማ ሆኖ ይቀመጣል። ያኔ ወይ ያሾልካል፣ ወይ ከጊዜ በኋላ ማንጠልጠያው ይሰነጠቃል። የጥብቀቱን ልክ ከማኑዋሉ እይ። ብዙ ሞተሮች ላይ ከ10 እስከ 25 ኒውተን ሜትር ነው፣ ማለትም ከምታስበው ያነሰ። ቱቦውንና ማርሚታውን የሚያያይዙ ሞላዎች (ስፕሪንጎች) ካሉ በፒንሳ ስትጎትታቸው መነጽር አድርግ፣ ካመለጠ ፊት ላይ ነው የሚመጣው። በመጨረሻ ላይዋ ላይ ተቀመጥና ኋላዋን ተጫን፣ ማርሚታው ጎማውን ወይ የፍሬን ቱቦውን እንዳይነካ።

ሞተሯን ከማስነሳትህ በፊት ቱቦውን በሙሉ በአልኮል ጥረገው። የእጅ ቅባት መጀመሪያ ሲግል ብረቱ ላይ ተቃጥሎ ይቀራል። አንድ የማውቀው ልጅ ቱቦው ላይ አውራ ጣቱ ከነመስመሩ ታትሞበታል፣ ሌባ ቢሰርቀው በአሻራ ያስመልሰዋል እያልን እንስቅበታለን። ወርቃማና ሰማያዊ ቀለም ካወጣ ግን አትደንግጥ፣ የማይዝግ ብረት ሲግል እንደዚያ ነው።

ስታስነሳት ውጭ አውጣት። የተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ፈጽሞ አይሆንም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። መጀመሪያ ጭስ ጭስ ይላል፣ የቀረው ቅባት ነው፣ ይጠፋል። ብረቱ ገና ሳይግል መገጣጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ ቀባ፣ አረፋ ካየህ ይሾልካል። የጋዝ እጀታውን ስትለቅ ፓፕ ፓፕ የሚል ድምፅም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በሽንቁሩ የውጭ አየር ይሳብና ያልተቃጠለውን ነዳጅ ቱቦው ውስጥ ያቃጥለዋል። ሴንሰር ላላት ሞተር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሴንሰሩ ያንን አየር አይቶ ነዳጅ አነሰ ብሎ ያስባል፣ ነዳጁን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተርም ሳያስፈልግ ነዳጅ ይጨምራል። በትንሽ ሽንቁር ምክንያት ቤንዚን በላች እያልክ የነዳጅ ካርታ (ኮምፒውተሩ ስንት ነዳጅ እንደሚሰጥ የሚያይበት ሰንጠረዥ) ማስተካከያ ልትገዛ ትችላለህ፣ ችግሩ ግን ያልጠበቀ ዳዶ ነው።

ነዳጁን በተመለከተ፣ ያንተ ካርቡሬተር ከሆነ ዋናውን ጄት (ነዳጅ የሚያልፍባትን ቀዳዳ) በሰፊ መቀየር ሊያስፈልግህ ይችላል። ጥቂት ነድተህ ካንዴላውን አውጣና እይ። ነጣ ካለ ነዳጅ አንሶታል፣ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል። ኢንጀክሽን (ነዳጅ በኮምፒውተር የሚረጭ) ከሆነና ሴንሰር ካለው በዝግታ ስትነዳ ኮምፒውተሩ በሴንሰሩ እየተመራ 14.7 እጅ አየር ለ1 እጅ ቤንዚን አካባቢ ሊያደርገው ይሞክራል። ጋዙን እስከ መጨረሻ ስትከፍት ግን ኮምፒውተሩ ሴንሰሩን ትቶ በቃሉ ያለውን ካርታ ነው የሚከተለው፣ ሙሉ ቱቦ የቀየረ ሰው ካርታውን የሚያስተካክለው ለዚህ ነው።

ማርሚታው ጫፍ ላይ ያለችውን ድምፅ መቀነሻ ደግሞ እንዳታወጣት። ጩኸት ነፍስ ያድናል የሚሉ አሉ፣ እኔ አይዋጥልኝም። ድምፁ በብዛት የሚሄደው ወደ ኋላ ነው፣ ከፊትህ መስኮቱን ዘግቶ ሙዚቃ የከፈተው ሹፌር ምኑን ይሰማሃል? የሚሰማህ ጎረቤትህ ነው፣ እሱም ሌሊት። የምትኖርበት ቦታ የድምፅና የጭስ ሕግም ሳትገዛ በፊት አንብብ። አሮጌውን ማርሚታ አትጣለው፣ ለምርመራም ስትሸጣትም ሊጠየቅ ይችላል።

ጥቂት ከነዳህ በኋላ፣ ስትቀዘቅዝ፣ ዳዶዎቹን ድጋሚ ሞክራቸው። ጋስኬቱ ሙቀት ሲያገኝ ይተኛና ትንሽ ይላላሉ። እኔ ያንን ገና ነገ ነው የማደርገው።

በል ጻፍልኝ፣ የሞተርህን ሞዴልና የቱን ዓይነት እንደገዛህ ንገረኝ። ፎቶም ላክ፣ በተለይ የእነዚያን ሁለት ዳዶዎች፣ አይቼ ስንት ቀን ዘይት እንደሚፈልጉ እነግርሃለሁ።

ወንድምህ