የሲሊኮን ቁስሉን አትገንጥሉት
ሰላም ሜካፖች፣ ባለፈው ቀረጻ ተዋናዩ ልጅ ግንባር ላይ የለጠፍኩት ከሲሊኮን የተሠራ የውሸት ቁስል በ2 ሰዓት ውስጥ ጠርዙ ተነስቶ እንደ ድንች ልጣጭ ተንጠለጠለ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቆዳውን በአልኮል አልጠረግኩም። ላብና ቅባት ካለ የትኛውም ማጣበቂያ አይዝም።

ፕሮስ ኤድ የሚባለውን የቆዳ ማጣበቂያ የምትጠቀሙ አትቸኩሉ፤ ሲቀባ ወተት ይመስላል፣ ነጭነቱ ጠፍቶ ጥርት ሲል ነው የሚለጠፈው፣ መጀመሪያ መሃሉን ከዚያ ቀስ እያላችሁ ወደ ጠርዝ። በውሃ ቀለም አትድከሙ፣ ሲሊኮን ላይ አይቆምም፣ በአልኮል የሚሟሟውን ያዙ።

ስታነሱ ግን በእናታችሁ አትገንጥሉ! የማጣበቂያ ማስለቀቂያውን በብሩሽ ከጠርዙ ስር እያስገባችሁ አላቁት፣ የተዋናዩን ቅንድብ ማን ይመልስልናል? ደግማችሁ የምትጠቀሙበት ከሆነ በለብታ ውሃና በሳሙና አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ፓውደር ነስንሳችሁ አስቀምጡት። አዲስ ተዋናይ ከሆነ ማጣበቂያውን ከአንድ ቀን በፊት ክንዱ ላይ ሞክሩለት።