ለኢንጂነሩ፤ ሶላር ገዛሁ

አውሮራ፣ ኮሎራዶ
ጥቅምት 6

ይድረስ ለምወድህ ወዳጄ፣ ለኢንጂነሩ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰህ እንዳልል መስቀልም አልፏል። ሦስት ዓመት የጠፋ ሰው ለአንድ ወር ምን ያፍራል ብለህ እለፈኝ።

ሰበብ አልደረድርም። እናትህ ያረፉ ጊዜ መርዶው የደረሰኝ ሥራ ላይ ሆኜ ነው። ማታ እደውላለሁ አልኩ። ማታ ሲሆን ምን እንደምል ጠፋኝ። በማግስቱ ደግሞ «ትናንት የት ነበርክ?» ትለኛለህ ብዬ ፈራሁ። እንዲህ እንዲህ ሲል ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ፣ ከዚያ በኋላማ በምን አፌ። ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። ከእናቴ ቀጥሎ እጃቸውን የበላሁት የሳቸውን ነው፤ ይህን አንተም ታውቃለህ።

መጨረሻ ያወራነውን ታስታውሳለህ? እሳቸው ቤት ጣሪያ ላይ ሶላር እንደሰቀልክላቸው ነገርከኝ። ሦስት አምፑልና አንድ የስልክ ቻርጅ ማድረጊያ። እኔ ምን አልኩህ? «እዚህ አገር መብራት ሄደ የሚባል ነገር የለም፤ አንተ ገና ከፀሐይ ጋር ትታገላለህ» ብዬ ሳቅሁብህ። አንተም ሳቅህ፣ ግን አጭር ሳቅ ነበረች። ይህን ደብዳቤ ያጻፈችኝ እሷ ናት።

አሁን ደግሞ አንተ ሳቅብኝ።

በበጋው አሮጌ ትሬለር ገዛን። የጭነት ተሳቢ እንዳይመስልህ፤ በመኪና የሚጎተት ቤት ነው። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ሽንት ቤት ሳይቀር አለው። ማቀዝቀዣውም ማሞቂያውም በጋዝ ነው የሚሠሩት። ጋዝ ካለ መብራት ምን ያደርግልኛል ብዬ ተዝናናሁ። የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው።

መስቀልን ቤተ ክርስቲያን አክብረን በማግስቱ ግሬት ሳንድ ዱንስ ወደሚባለው ፓርክ ሄድን። ከዴንቨር ወደ ደቡብ 4 ሰዓት ያህል ያስነዳል። ተራራ ሥር የተቆለለ አሸዋ ነው፤ ትልቁ ቁልል ከ220 ሜትር በላይ ይሆናል። ልጆቹ እየተንከባለሉ ሲወርዱ ውለው፣ አሸዋውን በጆሯቸው ሳይቀር ይዘውት ገቡ። ከፍታው ከአዲስ አበባ ትንሽ ይበልጣል፣ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ሌሊቱን ላንተ አልነግርህም። ካምፑ ውስጥ ደግሞ የኤሌክትሪክ መሰኪያ የለም።

በናንተ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ አንድ ነገር ጢጥ አለ። ዝም አለ። እንደገና ጢጥ። ተነሥቼ በእጄ ዳበስኩ። የጋዝ መፍሰስ የምትጠቁመው ትንሽ መሣሪያ ናት፤ ባትሪ ሲደክም እሷ ነች ቀድማ የምትጮኸው። ማሞቂያው ቆሟል። አምፑሉን ሳበራው እንደ ኩራዝ ቀላ። ባለቤቴ ከጋቢ ውስጥ ሆና፣ «መብራት ሄደ እንዴ?» አለችኝ።

አንተ ትዝ አልከኝ። በጨለማ ቆሜ ምን ብዬ ልመልስላት?

ነገሩ ላንተ ቀላል ነው። እሳቱ የጋዝ ቢሆንም ሙቀቱን የሚነፋው ፋን የ12 ቮልት ነው፤ 7 አምፔር ገደማ ይስባል። ባትሪዬ 75 አምፔር-ሰዓት የሚል የተጻፈበት ሊድ አሲድ ነው። ከግማሽ በታች ካወረድከው እየገደልከው ነው፣ ስለዚህ የኔ የምላት 37 ብቻ ናት። ፋኑ እየበራ እየጠፋ በድምሩ 5 ሰዓት ቢሠራ 35ቱን ጠጣት። ለአምፑሉና ለውኃው ፓምፕ ምን ተረፈ? ይህን ስሌት የሠራሁት ጠዋት፣ እጄ ደንዝዞ፣ በልጄ ደብተር ጀርባ ላይ ነው።

ጄኔሬተር ግዛ ያሉኝ ነበሩ። የሱቅ ጄኔሬተር እያንኳኳብን ያደግን ልጆች፣ ዝምታ ፍለጋ 4 ሰዓት ነድተን ሄደን እዚያም ዱጉዱጉዱጉ? አልፈለግሁም። ሶላር ገዛሁ፤ እንደ ሻንጣ የሚታጠፍ፣ 200 ዋት። ጣሪያ ላይ የሚታሰርም አለ፤ እሱን ካሰርክ ግን ቤቱን ራሱን ፀሐይ ላይ ማቆም ግድ ነው። እኔ ቤቱን ጥላ ሥር አስቀምጬ ፓነሉን በረጅም ገመድ ፀሐይ ላይ አሰማራዋለሁ። እዚህ ደግሞ ፀሐይዋ እንደኛ አገር አናት ላይ አትቆምም። በብርዱ ወራት እኩለ ቀን ላይ እንኳ ዘንበል ብላ ነው የምታልፈው። ስለዚህ ፓነሉም በእግሩ ቆሞ ያያታል። ጠዋት ወደ ምሥራቅ፣ ከሰዓት ወደ ምዕራብ፤ እረኛ ሆኛለሁ ብልህ ይሻላል።

መጀመሪያ የሞከርኩት ግቢዬ ውስጥ ነው። ትሬለሩ ጎኑ ላይ «ሶላር» የሚል መሰኪያ አለው። የፓነሉን ገመድ ወሰድኩ፣ ልክክ ብሎ ገባ። ደስ አለኝ። ከፓነሉ ወደ ባትሪው የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው መሣሪያ፣ ኮንትሮለሩ ላይ ግን ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል፤ ቻርጅ የሚባል ነገር የለም። ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ገመዱን ጠረግሁ። ፓነሉን ወዲህ አዞርኩ፣ ወዲያ አዞርኩ። የተበላሸ ዕቃ ሸጡልኝ ብዬ ካርቶኑን ማሸግ ሁሉ ጀምሬ ነበር።

ከዚያ «ከመንካትህ በፊት ለካ» የምትለው ነገርህ መጣብኝ። መርፌዋ እየተወዛወዘች የምታስቀናኝ የቮልት መለኪያ ቴስተርህ ትዝ ትልሃለች? ለማንም የማታስነካት? ሄጄ ቴስተር ገዛሁ። ቀዩን ፕላስ መሆን ያለበት ላይ፣ ጥቁሩን ማይነስ መሆን ያለበት ላይ አድርጌ አየሁ። 12.4 ይላል። ከፊቱ ግን አንዲት ትንሽ ሰረዝ አለች። ማይነስ 12.4።

ተገልብጦ ነበር ወዳጄ! የመሰኪያው ቅርጽ አንድ ዓይነት ነው፣ የውስጡ ፕላስና ማይነስ ግን የተገላቢጦሽ። አንዳንዱ ፋብሪካ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ያደርገዋል አሉ። መፍትሔው የጣት ርዝመት ያላት መገልበጫ ገመድ ናት፣ ዋጋዋ ጥቂት ዶላር። ኮንትሮለሩ ከዚህ ዓይነት ስህተት የሚጠብቀው ነገር ባይኖረው ኖሮ ሲጤስ ነበር የማየው።

በኋላ እሷንም ተውኳት። ኮንትሮለሩን ከፓነሉ ጀርባ ፈትቼ ከባትሪው አጠገብ ሳጥን ውስጥ አሰርኩት፤ ገመዱ ረጅም ስለሆነ ቮልቱ መንገድ ላይ እየተበላ የባትሪውን ልክ በትክክል አያነብም ነበር። ወፍራም ሽቦ፣ ባትሪው ሥር የ20 አምፔር ፊውዝ። መጀመሪያ ባትሪውን ከኮንትሮለሩ ጋር፣ ቀጥሎ ፓነሉን። ሲፈታ መጀመሪያ ፓነሉን። ልክ ነኝ? «ሶላር» የሚለው መሰኪያ አሁን ሥራ ፈቶ ተቀምጧል።

ባለፈው ሳምንት ተመልሰን ሄድን። 200 የተባለው 200 አይሰጥም፤ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስትመታው 10 አምፔር አካባቢ ነው፣ እሱም ይበቃል። አንዴ ግን ሳየው 2 ላይ ወርዷል። ደመና የለም። ብሄድ አንድ የጥድ ቅርንጫፍ ጥላ ጥጉ ላይ ወድቋል፣ የመዳፍ ያህል እንኳ አይሆንም። ሴሎቹ ተያይዘው ስለሚሠሩ አንዱ ሲታፈን ሌሎቹንም ይዞ ይወርዳል። በማግስቱ ደግሞ ጭራሽ ዜሮ። ባለቤቴ ነጠላዋን አጥባ አስጥታበታለች። «ፀሐይ ያለው እዚህ ነው አላልክም?» አለችኝ። ምን ትላታለህ?

ባትሪውን ማታ 12.7 ቮልት፣ ጠዋት 12.2፣ በናንተ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሞልቶ አገኘሁት። እውነቱን ለመናገር ማሞቂያውንም ዝቅ አድርገን ጋቢ ጨምረናል። ጢጥ የሚል ግን የለም። ቡናውን ጋዝ ላይ አፈላን፤ ማይክሮዌቭና ኤርኮንዲሽነር በዚህ ባትሪ አይታሰብም።

የመጀመሪያው ማታ አምፑሉ እንደበራ ልጆቹ ሲተኙ፣ የእናትህ በረንዳ መጣብኝ። እሳቸው መብራቱን ሲያበሩ ምን ይሉ እንደነበር እንኳ ጠይቄህ አላውቅም። ያ ሶላር አሁንም ይሠራል? ባትሪውን ቀየርከው? አቧራውንስ የሚጠርግለት ማነው? ይህን ሁሉ ንገረኝ፤ ስለ እሳቸውም፣ ያልሰማሁትን ሁሉ።

ለገና የሚመጣ ሰው አለ። አንድ ቴስተር እልክልሃለሁ። መርፌ የለውም፣ ምን ይደረግ።

ቅዳሜ እደውላለሁ፣ በናንተ ከምሽቱ 2 ሰዓት። እኔ ጋ ረፋድ ነው፣ ፓነሉን ላዞር የምወጣበት ሰዓት። ስልኩን አንሣልኝ።

የቆየው ወዳጅህ