ስለ ሞዴል ታንኩ ክንዶች፣ ለአባቴ

አዲስ አበባ፣ ፒያሳ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የደም ግፊት መድኃኒትዎን ሳያቋርጡ እንደሚወስዱ እኅቴ ስለነገረችኝ በዚያ በኩል ልቤ ዐርፏል። ባለፈው ሳምንት «ያ የምትሠሪው ታንክ ከምን ደረሰ?» ብለው ሲጠይቁኝ የስልኩ መስመር ተቋረጠ፤ ጉዳዩ በሁለት ቃል የሚያልቅ ስላልሆነም ረጋ ብዬ ልጽፍልዎ ወሰንሁ።

ታንኩ በኦጋዴን ጦርነት ዘመን ከሶቪየት ኅብረት ወደ አገራችን የገባው ቲ-55 ነው፤ የኔው ግን በ1 ለ16 ልኬት የሚሠራና በሪሞት የሚነዳ ነው። የእውነተኛው ክብደት 36 ቶን ያህል ነው። ርዝመቱም፣ ስፋቱም፣ ቁመቱም እያንዳንዳቸው 16 ጊዜ ሲያንሱ ክብደቱ በ4096 ስለሚካፈል፣ ሞዴሉ በትክክል ቢመዘን 8.8 ኪሎ ግራም ያህል መሆን ነበረበት። በፕላስቲክ የተሠራ ሞዴል ግን ከዚህ እጅግ ስለሚቀል ጉብታ ላይ ሲወጣ እንደ ፌንጣ ይዘላል እንጂ እንደ ታንክ አይሄድም። አካሄዱ እንደ እውነተኛው የከበደ እንዲሆን ስለፈለግሁ ከሥር ያለውን ክፍል ሁሉ በብረትና በነሐስ ልሠራው ተነሣሁ። አሁን 7 ኪሎ ደርሷል።

እውነተኛው ቲ-55 በየጎኑ አምስት ትልልቅ ተሸካሚ ጎማዎች አሉት። እያንዳንዱ ጎማ በአንድ ክንድ ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ የክንዱ ሌላው ጫፍ በታንኩ ሆድ ውስጥ ከጎን እስከ ጎን ከሚዘልቅ ዘንግ ጋር ይያያዛል። ጎማው ጉብታ ሲረግጥ ዘንጉ ይጠመዘዛል፤ ጉብታው ሲያልፍ ዘንጉ ራሱ ጎማውን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። እኔም ዘንጎቹን ከምናለሽ ተራ ካገኘሁት 1.5 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው የስፕሪንግ ሽቦ ሠራኋቸውና ልል ሆኑብኝ። ወደ 2 ሚሊሜትር ስለውጣቸው ግን ታንኩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ዘንግ ለመጠምዘዝ የሚያሳየው እምቢታ ውፍረቱ አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ እንደሚገኘው መጠን ስለሚጨምር፣ ያቺ ግማሽ ሚሊሜትር ብቻዋን ከሦስት እጥፍ በላይ ጥንካሬ ሰጠችው።

ስሕተቴ የመጣው ክንዶቹን ከዘንጎቹ ጋር ለዘለቄታው በማያያዝበት ጊዜ ነው። እዚሁ ፒያሳ የሚሠሩ አንድ ወርቅ አንጥረኛ የብር ቅይጥ መበየጃና ቦራክስ የሚባለውን የብየዳ ዱቄት ሸጠውልኝ ነበር፤ ብሩ እንዲፈስ ዕቃውን በነበልባል እስኪቀላ ማጋል እንዳለብኝም አሳዩኝ። ዐሥሩንም ክንዶች በሁለት ቀን በየድኋቸው፤ ብየዳው የተዋበና ልሙጥ ስለነበር ፎቶ አንሥቼ ልልክልዎ ሁሉ አስቤ ነበር። ታንኩን ከጠረጴዛው ላይ አውርጄ በጎማዎቹ ባቆምሁት ጊዜ ግን ሆዱ መሬት ነክቶ በዚያው ቀረ። ብየዳው አልተላቀቀም፤ የሞተው ሽቦው ነበር። የብር ቅይጡ የሚቀልጠው ከ600 ዲግሪ በላይ በመሆኑ፣ ሽቦው በፋብሪካ ሲሳብ ያገኘው ጥንካሬ በዚያ ሙቀት ከየመጋጠሚያው አጠገብ ጠፍቷል። ተራ ሽቦ አድርጌዋለሁ ማለት ነው።

አባባ፣ ያን ዕለት ማታ ድሬዳዋ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ምሳዎን ይዤልዎ ስመጣ የማየው ነገር ትዝ አለኝ። ብሮንዚና፣ ማለትም ዘንግ የሚሽከረከርበትን ቀለበት፣ ከዘንግ ጋር ሊያጋጥሙ ሲሉ ዘንጉን በሻማ ጥላሸት ያጠቁሩት ነበር፤ ከዚያ አስገብተው ያወጡና ጥላሸቱ በተፋቀበት ቦታ ላይ ብቻ ሞረድ ያሳርፉ ነበር። አንድ ጊዜ ለምን መዶሻ እንደማይጠቀሙ ብጠይቅዎ «በጉልበት የገባ በጉልበት ይወጣል» አሉኝ። ያን ጊዜ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ነገሩ የገባኝ ግን አሁን፣ ዐሥር ክንድ ካበላሸሁ በኋላ ነው። እኔ መጋጠሚያውን ሳላስተካክል እሳቱ እንዲያስተካክልልኝ ጠብቄ ነበር። ብር የሚሠርገው በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት ከ0.1 ሚሊሜትር ሳይበልጥ ሲቀር ነው፤ ሰፊ ቀዳዳን ሞልቶ መያዝ የእሱ ሥራ አይደለም።

ስለዚህ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀመርሁ። አዲሶቹ ክንዶች ከ6 ሚሊሜትር ነሐስ የተቆረጡ ናቸው፤ ቀዳዳቸውን በትራፓኖ ካወጣሁ በኋላ ሽቦውን እንደ እርስዎ በሻማ እያጠቆርሁ አንድ በአንድ አስማማኋቸው። የሽቦውን ጫፍ በአንድ ጎኑ በሞረድ ጠፍጣፋ አድርጌ፣ 2 ሚሊሜትር የሆነች ብሎን ከጎን ገብታ ያን ጠፍጣፋ ቦታ እንድትጫነው አደረግሁ። ይህ መጋጠሚያ እሳት የሚባል አልነካውም፤ ቢበላሽም በካቻቢቴ ይፈታል። ታንኩ ከቆመ ሦስት ሳምንት ሆነው፤ በፎቁ ደረጃ ላይ ሳወርደው ጎማዎቹ በየተራ ወርደው በየተራ ይነሣሉ። ይህን ቢያዩት እንዴት ደስ ይልዎ ነበር!

የብር ብየዳውን እርግፍ አድርጌ አልተውሁትም፤ ስፕሪንግ በሌለበት ቦታ ግሩም ነው። የመድፉን አፈሙዝ ከነሐስ ቱቦ ሠርቼዋለሁ፤ የእውነተኛው ጉሮሮ 100 ሚሊሜትር ስለሆነ የኔው 6.25 ሚሊሜትር ይሆናል። ጫፉ አካባቢ ያለውን ወፍራም ቀለበት በብር በየድሁት፤ ከሥሩ ያለውን መያዣ ግን የመጀመሪያው መጋጠሚያ ተመልሶ እንዳይፈታ፣ ሬዲዮ ጠጋኞች በሚጠቀሙበት በ190 ዲግሪ አካባቢ በሚቀልጠው ሊድ አያያዝሁት። ትልቁ ሙቀት አስቀድሞ፣ ትንሹ ኋላ መምጣት እንዳለበት የነገሩኝ እኚያው አንጥረኛ ናቸው። በመስኮት አጠገብ ስለምሠራና መስኮቱንም ስለምከፍት ስለ ጭሱ አይሥጉ።

አሁን የቀረኝና እርስዎን የምለምንበት ነገር ሰንሰለቱን የሚነዳው ከኋላ ያለው ጥርሳም ጎማ ነው። ዐሥራ ሦስት ጥርስ ነው ያለው። ዐሥራ ሁለት ቢሆን በኮምፓስ ብቻ እከፍለው ነበር፤ ዐሥራ ሦስት ግን ለሁለትም፣ ለሦስትም፣ ለአራትም አይካፈልም። ጥርሶቹ በሚያርፉበት 36 ሚሊሜትር ክብ ላይ ከአንዱ ጥርስ እስከ ሌላው ያለው ቀጥታ ርቀት 8.6 ሚሊሜትር ግድም ይሆናል ብዬ አሰላሁ፤ ሆኖም የኮምፓሴ መክፈቻ በ0.1 ሚሊሜትር ብቻ ቢሳሳት፣ ዙሩ ሲያልቅ ስሕተቱ 1.3 ሚሊሜትር ይደርሳል። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ የመጨረሻው ጥርስ ከመጀመሪያው ጋር ተጣላብኝ። እርስዎ ወረቀት በዕቃው ዙሪያ ጠምጥመው፣ ወረቀቱን ዘርግተው በመከፋፈል መልሰው ሲጠመጥሙ ያየሁ ይመስለኛል፤ ነገር ግን ምልክቱን ከወረቀቱ ወደ ብረቱ እንዴት እንዳሻገሩት አላስታውስም።

ለፋሲካ ሲመጡ ያቺን ሹል ኮምፓስዎንና ጥርሷ ደቃቅ የሆነችውን ትንሿን ሞረድ ይዘውልኝ ይምጡ። ስለ ዐይንዎ አይጨነቁ፤ መብራት ያለው ማጉያ መነጽር ገዝቻለሁ፤ ሞርሳውንም ተቀምጠው እንዲሠሩበት ዝቅ ወዳለው ጠረጴዛ አዛውሬዋለሁ። ሁለቱ የነሐስ ክቦች ተቆርጠው፣ መሐላቸው ተበስቶ በጨርቅ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። እስከዚያ ሞረድ አላሳርፍባቸውም።

ልጅዎ