«አብሽር» ፋይል አያንቀሳቅስም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ የሰደበን ሰው የለም። እንዲያውም ባለፈው አንድ ዓመት ተኩል የረገጥነው ቢሮ ሁሉ ሲያጽናናን ነው የከረመው። «አብሽሩ፣ ይደርሳል» ይሉናል። ወሎ ውስጥ ይህችን ቃል የማያውቅ የለም። ለሐዘንተኛ፣ ለታመመ ሰው መድኃኒት ናት። ለጡረታ ፋይል ግን አልሠራችም።

ታላቅ ወንድሜ ኮምቦልቻ፣ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ማሽን ላይ ይሠራ ነበር። የቀኝ እጁን ሦስት ጣቶች ማሽኑ በላቸው። ከዚያ በኋላ ኑሯችን ወረቀት ሆነ። የአሠሪው የአደጋ ሪፖርት፣ የሕክምና ቦርድ ውጤት፣ የደመወዝና የመዋጮ ማስረጃ። አንዱ ኮምቦልቻ ነው፣ ሌላው ደሴ። በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ሽቅብ ቁልቁል ስንል ከረምን። አንድ ቀን ሁሉን አሟልተን ብንሄድ «ሲስተም የለም» ተባልን። ሌላ ቀን ደግሞ «ፊርማህ ከድሮው ጋር አይመሳሰልም» ብለው መለሱት። ሰውየው በግራ እጁ መፈረም ከጀመረ ገና አራት ወሩ ነው! ቀኝ እጁን አውጥቶ አሳያቸው። አዘኑለት። «አብሽር» አሉት። ፎርሙን ግን አልተቀበሉትም።

ሰው ሲመክረን ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ሄድን። ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ዣንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጥ ሰው ነው። የእጅ ጽሑፉ ያምራል። አንድ ገጽ ተኩል ማመልከቻ ጻፈልን። «እኔ ምስኪን፣ የሦስት ልጆች አባት፣ በአላህ ስም እንዲታዘንልኝ…» እያለ ይቀጥላል። እናታችን ሲነበብላት አለቀሰች። እኔም ጥሩ ሥራ የተሠራልን መስሎኝ ደስ ብሎኝ ከፈልኩ።

ያንን ወረቀት የጎረቤት ልጅ አየችው። የሕግ ተማሪ ናት፤ በዩኒቨርሲቲ የነፃ ሕግ ድጋፍ ታገለግላለች። እስክሪብቶ አወጣችና «ምስኪን» የሚለውን ሰረዘችው። ቀጥላ «እንዲታዘንልኝ» የሚለውን። ስትጨርስ ከገጽ ተኩሉ የቀረው ስሙና ቀኑ ብቻ ነበር። «የሚጠይቁት ምፅዋት እኮ አይደለም ጋሼ» አለችው። እውነቷን ነው። ከደመወዙ በየወሩ 7 በመቶ ሲቆረጥበት ኖሯል፤ አሠሪውም 11 በመቶ ይጨምርበታል።

ያን ቀን ማንም ያልነገረንን ነገረችን። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ በሥራ ላይ ተጎድቶ ለጊዜው መሥራት ያልቻለ ሰው የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት 75 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን 6 ወራት 50 በመቶ ያገኛል። ወንድሜ የተከፈለው የሦስት ወር ብቻ ነው። አሠሪዎቹ «ከዚህ በኋላ የለም» ሲሉት አመስግኖ ወጣ። አዎ፣ አመስግኖ!

ዋናው ነገር ደግሞ የሕክምና ቦርዱ ለጉዳቱ የሚጽፈው ፐርሰንት ነው። በጡረታ ሕጉ ጉዳቱ 10 በመቶ ካልሞላ የጉዳት ዳረጎት የሚባል፣ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ የለም። ከሞላና ሰውየው መሥራት ከቻለ የደመወዙ 47 በመቶ በ60 ወር ይባዛል፤ የሚከፈለው ከዚያ ላይ በጉዳቱ ፐርሰንት ተሰልቶ ነው። ጨርሶ መሥራት ላልቻለው ወርሃዊ የጉዳት ጡረታ አለ። የ5,000 ብር ደመወዝተኛን እንይ። 47 በመቶው 2,350 ብር ነው። በ60 ሲባዛ 141,000 ይሆናል። 30 በመቶ የተጻፈለት 42,300 ብር ይወስዳል፤ 9 በመቶ የተጻፈለት ባዶ እጁን ይመለሳል። እኛ ይህ ቁጥር ያለበትን ወረቀት አጣጥፈን ኪስ ውስጥ ከትተን ነበር የምንዞረው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ አላነበብነውም።

ጠበቃ ሲባል ለሁላችንም የሚታየን ችሎት ነው። የኛ ነገር የተበላሸው ግን ችሎት ሳይታሰብ ነው። ፎርም ስንሞላ፣ ቦርድ ፊት ስንቀርብ፣ የእምቢታ ደብዳቤ ሲመጣ። በጡረታ ውሳኔ ቅር ያለው ሰው አቤት የሚልበት የማህበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለ። ይግባኙ ግን የጊዜ ገደብ አለው፤ ቀኑ ካለፈ አለፈ። የእምቢታው ደብዳቤ «ይግባኝ የሚባለው እዚህ ነው፣ እስከዚህ ቀን» የሚል አንድ መስመር ቢጨምር ምን ይጎድልበታል? ሠራተኛ በሥራ ጉዳይ ሲከስ የዳኝነት ክፍያ እንደማይጠየቅስ ስንቱ ያውቃል? እኛ ቢያንስ የከተማ ሰዎች ነን። ከደላንታ ወይም ከለጋምቦ የሚመጣው ሰው «ነገ ና» ሲባል አልጋ መያዝ አለበት።

በ1992 የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል የሚል ነገር ነበረው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። እዚህ ያሉ ጠበቆች ከዚህ ጥቂቷን፣ በሳምንት ግማሽ ቀን እንኳ፣ ቦርድ በሚቀመጥበት ቀን ሆስፒታል በረንዳ ላይ ቢያውሏት ብዙ ሰው ይተርፋል። ራፖር ጸሐፊውንም አልወቅሰውም። ሰው መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ጋ ነውና ሁለት ቀን ቢያሠለጥኑት ከብዙ ስብሰባ ይሻላል።

ወንድሜ አዲስ ማመልከቻ አስገብቷል። ይህኛው ግማሽ ገጽ ነው፤ በግራ እጁ ፈርሞበታል፣ ጎኑ ላይም የጣት አሻራ አለ። የጻፈችው ልጅቷ ናት፤ አብራውም ሄዳለች። ሐምሌ ላይ ትመረቃለች። የተሰጠን ቀጠሮ ለመስከረም ነው።

አንባቢያችሁ
ከደሴ